ሉፕን ከቴምፖ ጋር ማግባባት፦ በሃርድዌር ሳምፕለር ላይ ደረጃ በደረጃ

በመጀመሪያው ዙር ሉፑ (እየተደጋገመ የሚዞረው የተቀዳ ቁራጭ) እና ድራሙ ልክ ናቸው። በሁለተኛውም ምንም አይልም። አራተኛው ላይ ስኔሩ (ሹል ድምጽ ያለው ከበሮ) ሁለት ጊዜ የተመታ ይመስላል፤ ስምንተኛው ላይ ሲደርስ ሁለት የማይተዋወቁ ሙዚቀኞች አንድ ክፍል ገብተው የየራሳቸውን የሚጫወቱ ነው የሚመስለው። ሳምፕለር (ድምጽ ቀድቶ መልሶ የሚያጫውት ማሽን) ነክቶ ይህ ያልደረሰበት ያለ አይመስለኝም። ያኔ የብዙዎቻችን እጅ ቀጥታ ወደ ታይም ስትሬች (የድምጹን ቅጥነትና ውፍረት ሳይነኩ ርዝመቱን መለጠጥ) ይሄዳል። የእኔም ለዓመታት እዚያው ነበር የሚሄደው። አሁን ግን መጀመሪያ የማየው አቆራረጡን ነው፤ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነውና።

ሳምፕለሩ ቴምፖ (የሙዚቃው ፍጥነት) የሚባለውን አያውቅም። የሚያውቀው ርዝመት ነው። ድምጹ ከዚህ ነጥብ ይነሳል፣ እዚህ ነጥብ ላይ ያልቃል፣ መሃሉ ይህን ያህል ሰከንድ ነው፣ በቃ። ውስጡ ስምንት ምት ይኑር አሥራ ስድስት፣ የምትነግሩት እናንተ ናችሁ። ርዝመቱን ከተሳሳታችሁ ማሽኑ ስህተታችሁን በከፍተኛ ጥንቃቄ ያሰላላችኋል።

መጀመሪያ ቁጠሩ፣ ከዚያ ቅዱ

ማሽኑን ከመንካታችሁ በፊት ሉፑን ደጋግማችሁ ስሙና በእግራችሁ ምቱን ያዙ። በአራት ምት በሚቆጠር ሙዚቃ ስኔሩ አብዛኛውን ጊዜ ሁለትና አራት ላይ ይወድቃል፤ እሱን ከያዛችሁ “አንድ”ን፣ የባሩን የመጀመሪያ ምት፣ ማግኘት አያስቸግርም። ስንት ባር (እዚህ አንድ ባር አራት ምት ነው) እንደምትወስዱ ወስኑ። አንድ ባር ለመቁረጥ ቀላል ነው፣ ግን ቶሎ ይሰለቻል። አራት ባር ይተነፍሳል፣ ነገር ግን ከበሮ መቺው ሰው ከሆነ በአራቱ ባር ውስጥ ትንሽ መፍጠኑ ወይም መዘግየቱ አይቀርም። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሞክሩ ከሆነ ሁለት ባር ውሰዱ።

ቀረጻው ላይ አንድ ነገር አትርሱ፦ ከምትፈልጉት በላይ ቅዱ። ሁለት ባር የምትፈልጉ ከሆነ የሦስተኛው ባር የመጀመሪያ ምት በሳምፕላችሁ ውስጥ መኖር አለበት። ያ ምት አይጫወትም፤ ሥራው የሉፑን መጨረሻ ማሳየት ነው። እሱን ሳትቀዱ ብትቀሩ መጨረሻውን በግምት ትፈልጋላችሁ፣ ግምት ደግሞ እዚህ አያዋጣም።

የድምጹ ከፍታ ጣሪያውን ሳይነካ ይቀዳ። ስለ እሱ ከዚህ በላይ የሚባል የለም።

የመነሻው ነጥብ

ስክሪኑ ሞገዱን የሚያሳይ ከሆነ የመጀመሪያው ኪክ (ወፍራሙ የእግር ከበሮ) ከጸጥታ የሚነሳበትን ቦታ አጉልታችሁ እዩ። የመነሻውን ነጥብ ሞገዱ መውጣት ከመጀመሩ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ የመሃሉን መስመር በሚያቋርጥበት ላይ አስቀምጡት። ኪኩ ውስጥ ገብታችሁ ከቆረጣችሁ የምቱ ጉልበት ይጠፋል፣ በምትኩ “ጠቅ” የምትል ድምጽ ታገኛላችሁ። ከኪኩ ብዙ ርቃችሁ ጸጥታ ካስቀራችሁ ደግሞ ፓዱን (ድምጹን የሚያስነሳውን የማሽኑን ቁልፍ) በመታችሁ ቁጥር ሉፑ ዘግይቶ ይመጣል።

ስክሪን የሌለው ወይም ሁለት መስመር ጽሑፍ ብቻ የሚያሳይ ማሽን ካላችሁም ችግር የለም። በማሽኑ ውስጥ ካሉት ድምጾች አንድ ደረቅ ሪምሾት (የከበሮ ጠርዝ ምት) ወይም ሃይሃት (አጭር የሲምባል ምት) ምረጡና ከሉፑ ጋር እኩል እንዲጀምር አድርጉ። ሁለቱ ተደርበው እንደ አንድ ምት ከተሰሙ መነሻው ልክ ነው። ተከታትለው “ትረክ” ካሉ፣ መነሻውን እየገፋችሁ ወደ አንድ አምጧቸው። ጆሮ በዚህ ጉዳይ ከዓይን አያንስም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ይበልጣል።

የመጨረሻው ነጥብ፣ ዋናው ጣጣ

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሉፕ የሚያልቀው ድምጹ ሲያልቅ አይደለም። የሚያልቀው ቀጣዩ “አንድ” ሊመታ ባለበት ቅጽበት ነው። ከመጨረሻው ስኔር በኋላ ጸጥታ ካለ ጸጥታውም የሉፑ አካል ነው፣ ይቆጠራል። አንዳንድ ማሽኖች ከቀረጻ በኋላ ጸጥታን በራሳቸው የሚቆርጡበት ተግባር አላቸው፤ ለነጠላ ምት ጥሩ ነው፣ ለሉፕ ግን አጥፉት። እኔ በዚህ ተግባር ምክንያት አንድ ሙሉ ምሽት አቃጥያለሁ። ሉፑ በእያንዳንዱ ዙር ወደፊት ይሮጥብኛል፣ ቴምፖውን እጨምራለሁ፣ አሁንም ይሮጣል፣ እንደገና እጨምራለሁ። ለካስ ማሽኑ ከመጨረሻው ሃይሃት በኋላ ያለችውን ትንሽ ጸጥታ ቆርጦ ጥሎልኛል።

መጨረሻውን ለማግኘት የምጠቀምበት መንገድ ይህ ነው። መጀመሪያ ትክክለኛውን የመነሻ ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉ። ከዚያ ያንኑ የመነሻ ነጥብ ወደ ሦስተኛው ባር “አንድ” ውሰዱት፤ ትርፍ አድርጋችሁ የቀዳችሁት ምት እሱ ነው። ፓዱን እየመታችሁ፣ ቅድም መነሻውን ባገኛችሁበት አኳኋን፣ ኪኩ ያለ መዘግየት እስኪመጣ አስተካክሉ። አሁን የሚታየውን ቁጥር ጻፉ። የመጨረሻው ነጥብ ይህ ነው። መነሻውን ወደ ነበረበት መልሱና መጨረሻውን እዚህ ላይ አድርጉት።

ለምን እንዲህ ተዟዟርን? የመነሻው ነጥብ የሚሰማ ነው፤ ፓዱን ስትመቱ ወዲያው ትክክል ወይም ስህተት ይላችኋል። የመጨረሻው ነጥብ ግን ሉፑ እስኪያልቅ ያስጠብቃል፣ ሲያልቅም የሚሰማው ቅጽበት ብቻ ነው። ከዚህ ሌላ ጥቅምም አለው። ሁለቱን ነጥቦች በአንድ ዓይነት ጆሮ ስለፈለጋችኋቸው፣ ከኪኩ ትንሽ ቀደም የማለት ልማድ ቢኖራችሁ እንኳ በሁለቱም በኩል እኩል ቀደም ትላላችሁ፣ ርዝመቱም ልክ ይሆናል።

አሁን ሉፑን ብቻውን አዙሩትና ለአንድ ደቂቃ ያህል እግራችሁን አንቀሳቅሱ። እግራችሁ በየዙሩ መጋጠሚያ ላይ የሚያነክስ ከሆነ መጨረሻው ገና ነው። ሉፑ ሲመለስ የምትሰናከሉ ከሆነ አጥሯል፣ ትንሽ የምትጠብቁት ከሆነ ረዝሟል።

ቁጥሩን ማውጣት

ማሽኑ የሉፑን ርዝመት በሰከንድ ካሳያችሁ ስሌቱ አንድ መስመር ነው፦ የምቱን ብዛት በ60 አባዙ፣ ለሰከንዱ አካፍሉ። ሁለት ባር ስምንት ምት ነው። ርዝመቱ 5.18 ሰከንድ ከሆነ 8 × 60 = 480፣ 480 ለ5.18 ሲካፈል 92.66 ቢፒኤም (በደቂቃ የሚመታው የምት ብዛት)።

ርዝመቱን በሰከንድ ሳይሆን በሳምፕል ቁጥር የሚያሳዩ ማሽኖች አሉ፤ እዚህ ሳምፕል ማለት የተቀዳው ቁራጭ ሳይሆን ድምጹ የተለካበት እያንዳንዱ ነጥብ ነው። በ44.1 ኪሎኸርዝ የተቀዳ ድምጽ በሰከንድ 44,100 ሳምፕል አለው፤ ስለዚህ ቁጥሩን ለ44,100 አካፍላችሁ ወደ ሰከንድ መልሱት። ለማነጻጸሪያ ያህል በ120 ቢፒኤም አንድ ባር በትክክል 2 ሰከንድ ወይም 88,200 ሳምፕል ነው።

ትንሽ ስህተት ምን ያህል ያዛባል? በ90 ቢፒኤም አንድ ባር 2.667 ሰከንድ ነው። መጨረሻውን በ10 ሚሊሰከንድ ብቻ ብታስረዝሙት ስሌቱ 89.66 ይላችኋል። እዚህ ግባ የማይባል ይመስላል። በመግቢያው ላይ ያነሳሁትን መንሸራተት ግን አስቡት፦ ሉፑ በራሱ እየዞረ በየዙሩ 20 ሚሊሰከንድ ቢዘገይ በስምንት ዙር 160 ሚሊሰከንድ ይሆናል። በ88 ቢፒኤም አንድ አሥራ ስድስተኛ ኖታ 170 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። አንድ አሥራ ስድስተኛ ኖታ ሙሉውን ሊንሸራተት ምንም አልቀረው ማለት ነው።

ያገኛችሁትን ቁጥር ተጠራጠሩት። ሉፑ በሰው እጅ የተመታ ከሆነ 92.66 ምንም አይገርምም። በድራም ማሽን ወይም በኮምፒውተር ከተሠራ ሙዚቃ የተወሰደ ከሆነና ፍጥነቱ በማጫወቻው ካልተነካ ግን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሙሉ ቁጥር የተጠጋ ውጤት መምጣት አለበት። ካልመጣ ወደ መጨረሻው ነጥብ ተመለሱ። ማሽኑ በራሱ ቢፒኤም የሚገምት ከሆነ ደግሞ እጥፉን ወይም ግማሹን እንዳይሰጣችሁ አስተውሉ። 85ን 170 ብሎ የሚያነብ ማሽን አልተበላሸም፤ ለእሱ ሁለቱም ትክክል ናቸው።

ማን ወደ ማን ይምጣ?

አሁን 92.66 የሚል ሉፕ አለን፣ ሥራችሁ ደግሞ በ88 ነው እንበል። ከሁሉ በፊት ራሳችሁን ጠይቁ፦ ሥራው ገና ባዶ ከሆነ ለምን ቴምፖው ወደ ሉፑ አይመጣም? ማሽኑን 92.7 ላይ አድርጉትና ጨርሱ። በሁለት ባር ውስጥ የሚፈጠረው ልዩነት 2 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው፤ ማንም አይሰማውም። ሉፑ የተቀዳበትን ስሜት ሳይነካ የሚያቆይ ሌላ መንገድ የለም። ይህ ካልሆነ ሦስት መንገዶች አሉ፤ እኔ የምሞክራቸው በዚህ ቅደም ተከተል ነው።

ፒች፣ ማለትም የድምጹ ቅጥነትና ውፍረት። ሉፑን ዝቅ ስታደርጉት ይዘገያል፣ ከፍ ስታደርጉት ይፈጥናል። አንድ ሰሚቶን (ፒያኖ ላይ ከአንድ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት፣ 100 ሴንት) ከሞላ ጎደል 5.95 በመቶ ነው፤ ስለዚህ የ90 ቢፒኤም ሉፕ አንድ ሰሚቶን ሲወጣ 95.35፣ አንድ ሲወርድ 84.95 ይሆናል። ሎጋሪዝም ውስጥ መግባት ካልፈለጋችሁ፣ ለእያንዳንዱ 1 በመቶ የቴምፖ ልዩነት 17 ሴንት ያዙ። ከ92.66 ወደ 88 ለመውረድ ልዩነቱ 5 በመቶ ነው፤ 5 × 17 = 85 ሴንት። ትክክለኛው መልስ 89 ሴንት ነው፤ የቀረችውን አራት ሴንት ሜትሮኖም ከፍታችሁ በጆሮ ታስተካክላላችሁ። ጥሩውን ምልክት ከፈለጋችሁ የሉፑ አዲስ ርዝመት 5.45 ሰከንድ መሆን አለበት።

ከበሮ ብቻ ያለበት ሉፕ ፒች ሲወርድ ብዙ ጊዜ ያምራል። ኪኩ ይወፍራል፣ ስኔሩ ይከብዳል። የድሮዎቹ ማሽኖች ላይ የተሠሩት ሥራዎች ያን ክብደት ያገኙት በከፊል ከዚህ ነው። በ1987 የወጣው ኢ-ሙ ኤስፒ-1200 ድምጽ የሚቀዳው በ12 ቢትና በ26.04 ኪሎኸርዝ ሲሆን ጠቅላላ የመቅጃ ጊዜው 10 ሰከንድ ብቻ ነበር። ሰዎች ቦታ ለመቆጠብ የ33⅓ ዙር ሸክላን በ45 እያጫወቱ ይቀዱና ማሽኑ ላይ መልሰው ያወርዱት ነበር፤ ማውረዱ ከ5 ሰሚቶን ትንሽ ይበልጣል። የድምጹ መሻከር የመጣው ከችግር ነው፣ ኋላ ግን ራሱ ተፈላጊ ሆነ። ቤዝ ወይም ፒያኖ ያለበት ሉፕ ሲሆን ግን ተጠንቀቁ፤ 89 ሴንት ያወረዳችሁት ፒያኖ ከሌሎቹ መሣሪያዎች ጋር አይስማማም። ወይ ሌሎቹን አብራችሁ አውርዱ፣ ወይ ወደ ሁለተኛው መንገድ ሂዱ።

ታይም ስትሬች። ማሽኑ ድምጹን ወደ ትናንሽ ቁርጥራጮች ከፋፍሎ፣ ለማዘግየት ቁርጥራጮቹን እየደገመ፣ ለማፍጠን እየዘለለ፣ ጠርዛቸውን ያደራርባል። ፒቹ ባለበት ይቆያል። ዋጋው የሚከፈለው በምቶቹ ጫፍ ላይ ነው፤ ብዙ ስታዘገዩ ስኔሩ ይንቀጠቀጣል፣ ሲምባሉ እንደ ቆርቆሮ ይጮኻል። በ1990ዎቹ የጀንግል (ፈጣን የዳንስ ሙዚቃ) አዘጋጆች በአካይ ሳምፕለሮች ሆን ብለው ያወጡት የብረት ድምጽ ይኸው ጉድለት ነበር። ያን ድምጽ ካልፈለጋችሁ እንደ እኔ ጆሮ ከ10 በመቶ በላይ አትለጥጡ። ማሽኑ ለከበሮና ለዜማ የተለያየ ሞድ ካለው ለየጉዳዩ ተገቢውን ምረጡ፤ ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ማሽኑ ስትሬቹን በቀጥታ እያጫወተ የሚሠራ ከሆነ ዋናውን ቢፒኤም ይጠይቃችኋል። 92.66 ብላችሁ ጻፉ፤ ራሱ የገመተውን አትመኑ። ውጤቱን አስልቶ አዲስ ሳምፕል የሚያወጣ ከሆነ ደግሞ ዋናውን ሳምፕል አትደምስሱ። ነገ 91 ላይ ሊያስፈልጋችሁ ይችላል፣ የተለጠጠን መልሶ መለጠጥ ደግሞ ድምጹን ይጨርሰዋል።

ስላይስ። ሉፑን በየምቱ ቆራርጦ እያንዳንዱን ቁራጭ ለየብቻው በሲኩዌንሰር (ምቶችን በተራቸው በሚያስመታው የማሽኑ ክፍል) ማስመታት። ቴምፖው ሲለወጥ በምቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ብቻ ይለወጣል፣ ድምጹ አይነካም። እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ሲኩዌንሱን መጀመሪያ በሉፑ የራሱ ቴምፖ፣ በ92.66 ወይም በቀረበው ቁጥር ላይ ሥሩት፤ ቁራጮቹ በተከታታይ ሲመቱ ዋናውን ሉፕ መምሰላቸውን አረጋግጡ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ 88 የምትወርዱት። ተገላቢጦሽ የጀመራችሁ እንደሆነ የከበሮ መቺውን አመታት ከነአካቴው ታጡታላችሁ። በተመሳሳይ ምክንያት ወዲያው ሁሉንም ኳንታይዝ አታድርጉ፣ ማለትም ምቶቹን እኩል በተከፋፈለው የጊዜ ፍርግርግ ላይ አትደርድሩ፤ ሉፑን ከሰው እጅ የወሰዳችሁት እኮ ፍርግርግ ላይ ስላልተቀመጠ ነው።

ስታዘገዩ በቁራጮቹ መካከል ባዶ ቦታ ይከፈታል፤ ክፍሉ ድንገት እንደሚዘጋ በር ይሰማል። ለዚህ የእያንዳንዱ ቁራጭ ጭራ ለስለስ ብሎ እንዲጠፋ ሪሊዙን ትንሽ አስረዝሙ፣ ወይም ከስሩ ቀጠን ያለ የክፍል ማስተጋባት አድርጉበት። ስታፈጥኑ ደግሞ ቁራጮቹ ይደራረባሉ፤ ሁሉንም በአንድ ሚዩት ግሩፕ ውስጥ ብታስገቧቸው አዲሱ ቁራጭ የቀደመውን ያቆመዋል።

ቴምፖው ልክ ሆኖ አሁንም ካልተስማማ

ሁለት ነገር ፈትሹ። አንደኛው ስዊንግ፣ ማለትም በየሁለተኛው ኖታ ላይ የሚደረግ ትንሽ መዘግየት፣ ነው። በ1988 የወጣውና ሮጀር ሊን የነደፈው አካይ ኤምፒሲ60 ስዊንግን ከ50 እስከ 75 በመቶ በሚል ቁጥር አስቀመጠው፤ ዛሬም ብዙ ማሽኖች ያንኑ አቆጣጠር ይጠቀማሉ። 50 ቀጥ ያለ ነው፣ 66 አካባቢ ደግሞ ባለሦስት ክፍል ምት ይሆናል። በ90 ቢፒኤም ሁለተኛዋ አሥራ ስድስተኛ ኖታ በ50 በመቶ ከ167 ሚሊሰከንድ በኋላ ትመጣለች፤ በ58 በመቶ ከ193 በኋላ። ሉፑ የሚወዛወዝ፣ የእናንተ ሃይሃት ግን ቀጥ ያለ ከሆነ በመካከላቸው 26 ሚሊሰከንድ ጠብ አለ። ሉፑን አትንኩት፤ የሃይሃቱን ስዊንግ እየጨመራችሁ ወደ ሉፑ አምጡት።

ሁለተኛው ሉፑ እንዴት እየዞረ እንደሆነ ነው። በራሱ እንዲዞር ተትቶ ከሆነ ስህተቱ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ይልቅ ሉፑን አንድ ጊዜ ብቻ በሚጫወት ሁኔታ አድርጉና ሲኩዌንሰሩ በየሁለት ባሩ እንደገና ይምታው። ያኔ አምስት ሚሊሰከንድ ቢሳሳት እንኳ በየሁለት ባሩ ይቅር ይባላል። ለዚህ አሠራር ሉፑ ከሚያጥር በጥቂቱ ቢረዝም ይሻላል፤ ያጠረው ክፍተት ይተዋል፣ የረዘመውን ግን ቀጣዩ ምት ይቆርጠዋል። ፓዱ በራሱ ላይ እንዳይደረብ ሞኖ (በአንድ ጊዜ አንድ ድምጽ ብቻ የሚያጫውት) ማድረጉን አትርሱ።

ሌላ ማሽን ሲጨመር

ከ1983 ጀምሮ ያለው ሚዲ (የሙዚቃ ማሽኖች የሚነጋገሩበት ቋንቋ) በአንድ ሩብ ኖታ 24 የክሎክ፣ ማለትም የጊዜ መጠበቂያ፣ ምት ይልካል። በ120 ቢፒኤም በየ20.83 ሚሊሰከንዱ አንድ ማለት ነው። መልእክቱ ውስጥ “120” የሚል ቁጥር የለም፤ ተቀባዩ ማሽን በምቶቹ መካከል ያለውን ጊዜ ለክቶ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ 119.9 እና 120.1 እያለ ቢዋልል አትደንግጡ።

ማስተሩ (ለሌሎቹ ቴምፖውን የሚሰጠው ማሽን) አንድ ብቻ ይሁን። በእሱ ላይ ክሎክ መላክን፣ በሌሎቹ ላይ ክሎክ መቀበልንና ስታርት/ስቶፕ መቀበልን ክፈቱ። አንድ ጊዜ ሁለት ማሽኖች አገናኝቼ ሁለቱንም ማስተር አድርጌ መድረክ ላይ ወጥቻለሁ። ሁለቱም 94 ስለሚሉ ለሠላሳ ሰከንድ ያህል ሁሉም ነገር ደህና ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን በመግቢያው ላይ ጽፌዋለሁ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚደናገርበት ነገር አለ፦ ክሎክ ሲኩዌንሰሩን ነው የሚነዳው፣ ድምጹን አይደለም። ፓድ መትታችሁ በራሱ እንዲዞር የተዋችሁት ሉፕ ክሎኩን አይሰማም። ወይ በሲኩዌንስ ይመታ፣ ወይ ቴምፖ የሚከተል ስትሬች ይበራለት። ክሎኩን በሚዲ ሳይሆን በአናሎግ ሲንክ ገመድ የምታገናኙ ከሆነ በሁለቱም በኩል ያለውን የምት ብዛት አስተያዩ፤ አንዱ በሩብ ኖታ 24፣ ሌላው 2 የሚጠብቅ ከሆነ ተቀባዩ በ12 እጥፍ ይበርራል ወይም ይጎተታል።

ሁሉም ከተስማማ በኋላ ማሽኖቹን ለአምስት ደቂቃ አስኪዱና ውጤቱን ቅዱ። የመጨረሻውን ባር ከመጀመሪያው ጋር አስተያዩት፤ ኪኩና ሪምሾቱ አሁንም እንደ አንድ ከተመቱ ሳምፕሉን አስቀምጡ፣ ስሙ ላይም ቢፒኤሙንና የባሩን ብዛት ጻፉበት፤ ከስድስት ወር በኋላ ስትከፍቱት እንደገና መቁጠር አያስፈልጋችሁም።